በውክልና የተፈረመ ጥፋት

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ ሀብተ ማርያም፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ እንዴት ሆነልዎ? ፀበሉ ረዳዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ምራትዎ መቅዲ በናፍቆት እጅ ትነሳለች። የፋሲካውን ዶሮ ሠርታ ስታበቃ «አባባ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «ጨው በዝቷል ይሉ ነበር» ብዬ ብመልስላት ይኸው እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በሁዳዴ አጋማሽ ነበር። የገዳሙን ተሳላሚዎች የሚያመላልሰው ጋሽ ሂርጳ ሰዎቹን ሜክሲኮ አደባባይ አራግፎ ሲያበቃ በአውቶቡሱ መስኮት አቀበለኝና «አባትህ መልስ ይጠብቃል» አለኝ። መልሱን ይህን ያህል ስላዘገየሁት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልክ በር ላይ አስረክቦ የሚገባበት ገዳም መሆኑን የሰማሁ ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ግን በወረቀት መጠያየቁን ለምጄዋለሁ።

መንጃ ፈቃድዎን እንዳሳድስልዎ ያዘዙኝን አልረሳሁም። ቢሮው ብሄድ «ሲስተም የለም» አሉኝ። በሳምንቱ ስመለስ ሲስተሙ መጥቷል፣ ሠራተኛዋ ግን ስብሰባ ሄዳለች። ከዚያ በዓል ገባ። የቢሮ ነገር መቼም እርስዎም ያውቁታል።

ግን አባባ፣ ወገብዎን ሊጠመቁ ሄደው መንዳት ምን አመጣው? የሚነዳ ሰው ጠፍቶ ነው? ደግሞስ ከመስከረም ወዲህ ከገዳሙ አንድም ቀን አልወጡም አይደል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ልጅዎ በሱፍቃድ


ከገዳሙ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለበሱፍቃድ፤

ሰላም ላንተና ለመቅዲ ይሁን። አባባ ዶሮው ጨው አልበዛውም ብለዋል በላት። ቀምሼው አይደለም፤ ካንተ ጋር ላለማበር ነው። የግንቦት ልደታን ከሰፈር ርቄ ስውል ዘንድሮ የመጀመሪያዬ ነው። ንፍሮውን ማን ቀቀለው?

ከመስከረም ወዲህ ወጥተው ያውቃሉ ወይ ብለሃል። የት እወጣለሁ ልጄ? ከፀበሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ፀበሉ ነው። አበምኔቱን አባ ገብረጊዮርጊስን ጠይቃቸው፤ ጠዋት ጠዋት ውኃ ቀድቼ የማስረክበው ለሳቸው ነው። ምነው፣ ሜክሲኮ አየሁት ያለህ ሰው አለ?

መንዳት ምን አመጣው ላልከው ልንገርህ። ከአስፋልቱ እስከ ገዳሙ ረጅም ቁልቁለት ነው። መሄድ የማይችለውን በሽተኛ በቃሬዛ ነው የምናወርደው። በቀደም ወርቅዬ የምትባል፣ ሁለት እግሯ አልታዘዝ ያላት ሴት መጣች። ተሸካሚዎቹን አንሸራቷቸው ከነቃሬዛው ወደቀች። አፏን በነጠላዋ አፈነች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አሁን አንድ ምእመን አሮጌ ላንድ ክሩዘር ለገዳሙ ሰጥቷል። ክረምቱ ሳይገባ ሥራ ካልጀመረች በሽተኛ የሚባል ወደዚህ አይወርድም። አባ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆመው «መኪና አለን፣ ሾፌርም አለን፤ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ዕድሜውን የፈጀ፣ አንድ ቀን እንኳ ያልተቀጣ» ብለው ስሜን ጠሩ። እልልታው ቀለጠ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው የደፋሁት፣ አልዋሽህም።

ትዝ ይልህ እንደሆን የሜክሲኮ ረዳቶች «እንቁላሉ» ነበር የሚሉኝ። ቀስ በቀስ በእግሩ እስኪሄድ ተሳፋሪው ያረጃል እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። መሪ ከያዝኩበት ቀን እስከለቀቅኩበት ቀን ሰው አልጎዳሁም። ከዚህ ሌላ የማወርስህም የለኝ።

ስለዚህ እባክህ ቶሎ በል። በስሜ ላለችው፣ አንተ ለምትነዳት ሚኒባስ ብዬ የሰጠሁህ ውክልና ለዚህም ይሠራል ብለውኛል፤ በሱ ፈርመህ አሳድስልኝ። አልሳካ ካለህ አባ እዚህ ወረዳው ከተማ ያለው ቢሮ ሊወስዱኝ ፈቅደዋል። ሚኒባሷስ እንዴት ናት?

አባትህ ሀብተ ማርያም


ጠመንጃ ያዥ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?

ሚኒባሷ ደህና ናት፤ ትሠራለች። ንፍሮውን ጎረቤታችን የእነ ሪሀና እናት ናቸው ያስቀቀሉት። እስላም ክርስቲያኑ እንደ ወትሮው በራፍ ላይ ተሰብስቦ በላ። «ይህ የጋሽ ሀብቴ ድርሻ ነው» ብለው በሳህን ላኩልን። እኔ በላሁት።

ጋሽ ሂርጳ «እንቁላሉ እንደገና መሪ ሊይዝ ነው!» ብሎ ሜክሲኮ ለሚያውቁዎ የድሮ ባልደረቦችዎ ሁሉ አውርቷል። ጡረተኞቹ ካፌው በር ላይ ተቀምጠው ባለፍኩ ቁጥር «መቼ ነው የሚጀምረው?» ይሉኛል። ደስታቸው የራሳቸው ሹመት ነው የሚመስለው። እኔ አሁን አሁን በዚያ በኩል አላልፍም፤ በሰንጋ ተራ ዞሬ እወጣለሁ።

ስለ መንጃ ፈቃዱ፣ መስተካከል ያለበት ነገር አለ ብለውኛል። ምን እንደሆነ በደብዳቤ አይመችም። የወረዳውን ቢሮ ግን ይተዉት፣ እባክዎ። እኔው እጨርሰዋለሁ። ደግሞ አባባ፣ ለአባ ሌላ ሾፌር ይፈልጉ ቢሏቸውስ? ዕድሜዬ ገፋ፣ ዓይኔ ደከመ ቢሉ ማን ይቀየምዎታል?

ይህን ስጽፍ መቅዲ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው። ሻዩን አስቀምጣልኝ ወጣች።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

ልጅዎ


ከገዳሙ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

በሱፍቃድ፣

ተው ያልከኝን አልሰማሁም። ባለፈው ዓርብ አባ ገብረጊዮርጊስ እጄን ይዘው ወረዳው ከተማ ወሰዱኝ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ስሜን ኮምፒውተሩ ላይ መታችና ፊቷ ተለወጠ። «አባት፣ እርስዎ እኮ ታግደዋል» አለችኝ። ተሳስተሽ እንዳይሆን አልኳት። አነበበችልኝ። ሰንጋ ተራ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ማቆም። ሜክሲኮ ቀይ መብራት መጣስ። ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ መንዳት። እንደገና ቀይ መብራት። «በየጥፋቱ ነጥብ ይያዛል፤ ስለደጋገሙ ነጥቡ ሞላ፤ መንጃ ፈቃድዎ ለስድስት ወር ታግዷል» አለችኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዱ ወጣት «እኚህ ሽማግሌ?» ብሎ ሳቀ።

ቀኖቹን ስትጠራቸው ታኅሣሥና ጥር ናቸው። አባ አጠገቤ ቆመዋል። በነዚያ ቀናት ውኃ ስቀዳላቸው እንደነበር ከኔ በላይ ያውቃሉ። ልጅቷ «ሲያሽከረክሩ የነበሩት እርስዎ ነዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ያቺን ሚኒባስ ከኔ ሌላ የሚነዳት አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

አባ መንገዱን ሙሉ አላናገሩኝም። እኔም አንተን ብዙ አላናግርህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ማነው ጥፋቶቹን በስሜ የፈረመው?

ሀብተ ማርያም


ጠመንጃ ያዥ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

እኔ ነኝ የፈረምኩት። እንደምን ሰነበቱ ብዬ መጀመር ፈልጌ ነበር፤ አፈርኩ።

የተጀመረው በታኅሣሥ ነው። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየሙ ፊት ለፊት፣ ማቋረጫው ላይ አቁሜ ሰው ስጭን ካሜራ አነሳኝ። የኔው መንጃ ፈቃድ ቀድሞ በሠራሁት ጥፋት ነጥቡ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ይህንንም አልነገርኩዎትም። አንድ ቢጨመርበት መታገዴ ነው። የጀሞ መስመር ሾፌሩን ረሻድን አማከርኩት። «ጀለሴ፣ ምን ያስጨንቅሃል? መኪናዋ በሽማግሌው ስም ናት፣ ሽማግሌው ገዳም ገብቷል። የማይነዳ ሰው ቢታገድ ምን ይጎድልበታል? በሱ አስይዘው» አለኝ። አራዳነት መሰለኝ።

ቢሮው ሄድኩ። ሠራተኛዋ «ሲያሽከረክር የነበረው ማነው?» አለችኝ። «አባቴ» አልኩ። «አንተ ወኪሉ ነህ?» «አዎ» አልኩና የእርስዎን ውክልና አሳይቼ ፈረምኩ። ስወጣ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኙን አየሁ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ዞርም ሳልል ወጣሁ። እንዲያውም አባባ፣ ከዚያ በኋላ መብራት ማክበሩንም ተውኩት። ነጥቡ የኔ አይደለማ! እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ያልነዱትን አነዳድ በእርስዎ ስም ነዳሁት። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኸኛው ነው።

የእገዳው ወረቀት ቤት ሲመጣ የተቀበለችው መቅዲ ናት። «አባባ መቼ መጥተው ነው?» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሚኒባሷ ላይ አልወጣችም፤ ሥራዋ በእግሯ ነው የምትሄደው።

ስድስቱ ወር እስኪያልቅ ሸፋፍኜ አቆየዋለሁ፣ ከዚያ አሳድሼ እልክልዎታለሁ፣ ሳያውቁት ያልፋል ብዬ ነበር። እስከዚያ ስንት በሽተኛ በቃሬዛ እንደሚወርድ አላሰብኩም ልልዎ ነበር። ውሸት ነው፤ አስቤዋለሁ። የወርቅዬን ነገር ያነበብኩ ለት ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ጠዋት ተነስቼ ግን ሌላ ሾፌር ይፈልጉ ብዬ ጻፍኩልዎ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» ያሉበትን ቦታ አንብቤ መጨረስ አቃተኝ። መቅዲ ናት ቀሪውን ያነበበችልኝ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሆን ብላ፣ አንድም ቃል ሳትዘል አነበበችው።

ምን ላድርግ አባባ? እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።

በሱፍቃድ


ከገዳሙ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

በሱፍቃድ፣

ያልመለስኩልህ ቁጣዬ እስኪበርድ ብዬ ነው። አልበረደም፤ ግን ሂርጳ ነገ ይመለሳል።

ካሜራው ያየው ማቋረጫ ላይ መቆምህን ነው። መብራት ጥሰህ ሰው ገጭተህ ቢሆን ኖሮ እሱንም በኔ ትፈርመው ነበር? ለኔ መልስልኝ አልልህም። ለራስህ መልስ።

አባ ሌላ ሾፌር ቢያፈላልጉ አልተገኘም። ዝናቡ ገብቷል። መኪናዋ ግቢው ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ወርቅዬ ትንሽ ተሽሏት ነበርና ለእናቷ ተዝካር አገሯ ደርሳ ልትመለስ ፈለገች። ያንን ዳገት በጭቃ በቃሬዛ አወጧት። አንዱን ጫፍ ልይዝ ብል «ወገብዎን!» ብለው ከለከሉኝ። ለምን አትነዳም ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ሕዝቡ ሰምቷል። ሰው ነውርህን ሲሰማ እንደሚያደርገው ሁሉ ሰላምታ አብዝቶልኛል።

ከዚያች ዓርብ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም። ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ ነው የማስቀድሰው። አባ ነፍስ አባቴ ናቸው። ሐሰት መናገሬን አውቀዋል፤ እኔም ማወቃቸውን አውቃለሁ። ብናዘዝ «ሂድና ቃልህን አስተካክል» ይሉኛል። ባስተካክል ልጄን አሳልፌ ሰጠሁ። ባልናዘዝ ደግሞ ያው በር ላይ እንደቆምኩ ነው። ጠይቀው ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አይጠይቁኝም። ጠዋት ውኃውን ሳስረክባቸው ይቀበሉኛል፣ ይባርኩኛል፣ ያልፋሉ።

ምን ላድርግ ብለሃል። አልነግርህም። እኔ አዝዤህ ብታደርገው ያንንም የምትፈርመው በኔ ስም ነው።

አባትህ


ጠመንጃ ያዥ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ከዚህ ጋር ያጠፍኩት ወረቀት የእርስዎ ነው። እገዳው ከስምዎ ላይ ተነስቷል ይላል። ይህን ይዘው ወረዳው ቢሮ ማሳደስ ይችላሉ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። ቢሮው ስሄድ ያችው ሠራተኛ ነበረች። «አባቴ አልነበረም። አራቱንም ጥፋት የሠራሁት እኔ ነኝ» ስላት መጀመሪያ አልገባትም። ጥፋቱን በሌላ ሊያላክክ የሚመጣ እንጂ ሊወስድ የሚመጣ አይታ አታውቅም መሰለኝ። «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ፈረምክ?» አለችኝ። ከኋላዬ የቆመው ሰው ይሰማል። ስለፈራሁ ነው አልኳት። አለቃዋን ጠራች፤ አለቃዋ ፖሊስ ጠራ።

ጥፋቶቹ ሁሉ ወደ ስሜ ዞሩ። ከቀድሞዎቹ ጋር ተደምረው ለአንድ ዓመት ታግጃለሁ። ከዚያም በኋላ እንደ ጀማሪ ተምሬ፣ ተፈትኜ ነው። እሱ አልከበደኝም። የከበደኝ ሰፈሩ ነው። ሚኒባሷን በር ላይ ቆማ ያየ ሁሉ «ታመመች እንዴ?» ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ «ጎማ ነው» እል ነበር። አሁን «ታግጄ ነው» እላለሁ፤ ሰውም ቶሎ ብሎ ወሬ ይቀይርልኛል። ሜክሲኮ ታክሲ ስጠብቅ የማውቃቸው ረዳቶች እንዳላዩ ያልፉኛል። ካፌው በር ላይ ለሚቀመጡት ጡረተኞች ግን ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። አንደኛው ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐሰተኛ ቃል በመስጠቴ ደግሞ ክስ አለብኝ። ለጊዜው በመቅዲ የመታወቂያ ዋስ ወጥቻለሁ። ሐሙስ ሐምሌ 17 ጠዋት ልደታ ፍርድ ቤት ስቀርብ ከሚስትህ ሌላ ዋስ ይዘህ ና ተብያለሁ። ካላመጣሁ ያስቀሩኛል። ረሻድን ጠየቅኩት። «በሐሰት ነገር ስሜን አላስገባም» አለኝ። ሳቄ መጣ፣ አልሳቅኩም። ሌሎችንም ለምኛለሁ፤ ሁሉም ሐሙስ ጉዳይ አላቸው።

ይህን የምጽፍልዎ እንዲመጡ አይደለም። እባክዎ አይምጡ። ከቤታችን እስከዚያ በር በእግር የሚኬድ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያልፍበታል። እርስዎ በዚያ መንገድ ቀና ብለው ኖረዋል። ከኔ ጋር ቆመው እንዲታዩ አልፈልግም። ቤተ ክርስቲያን ይግቡልኝ እንጂ እኔስ የሠራሁትን አገኛለሁ።

ልጅዎ በሱፍቃድ


ከገዳሙ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለበሱፍቃድ፤

ሰላምታዬ ላንተ ይድረስ። ለመቅዲ ደግሞ እጅ ነስቻለሁ በልልኝ፤ ከሁላችንም በላይ የተሸከመችው እሷ ናት።

ወረቀቱን ለአባ ወስጄ ሰጠኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «ልጅህ ነው?» አሉኝ። «ልጄ ነው» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የተናዘዝኩትን አልነግርህም። ዛሬ ቅዳሴውን ውስጥ ገብቼ አስቀደስኩ።

መንጃ ፈቃዱንም ዓርብ ለት ወረዳው አደሰልኝ። ያችው ልጅ ናት። «እርስዎ እንዳልነበሩ ጠርጥሬ ነበር፤ ቀይ መብራት የሚጥስ ሰው ወረፋ ላይ እንደርስዎ አይታገስም» አለችኝ። አባ ነገ መኪናዋን እንዳስነሳ ፈልገው ነበር፤ ወርቅዬም ሐሙስ ተመልሳ አስፋልቱ ላይ ትጠብቀናለች። «እኔ ከሐሙስ በኋላ ነው» አልኳቸው። የት እንደምሄድ ስነግራቸው «እንግዲያው ወርቅዬን አንድ ጊዜ ደግመን እንሸከማታለን» አሉ።

አይምጡ ብለሃል። አፍሬብሃለሁ፣ አልደብቅህም። ያን ሁሉ ቀን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ ያፈርኩት ሕዝቡ እንደመሰለው በራሴ አልነበረም፤ ባንተ ነበር። አሁንም አልወጣልኝም። አንድ ዓመት ታግደሃል፤ እኔም ቢያንስ ያን ያህል ሳልቀየምህ አልቀርም።

ግን ሂርጳን ጠየቅኩት። ዋስ የሚሆን ሰው ምን ያስፈልገዋል አልኩት። «መታወቂያ ነዋ፤ ደግሞ ስሙ የጠራ ይሁን» አለኝ። ባለፈው ወር ብትጠይቀኝ የሚቀበለኝ አልነበረም። አሁን ስሜን መልሰህልኛል። መጀመሪያ የምጠቀምበት ላንተ ነው።

ረቡዕ ማታ ሂርጳ ጋ አድራለሁ። ሐሙስ ጠዋት ከሜክሲኮ በእግሬ ነው የምመጣው፣ በዋናው መንገድ፣ ጎረቤት በሚያየኝ በኩል። አንተ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠብቀኝ። ቀድመኸኝ እንዳትገባ፤ አብረን ነው የምንገባው።

አባትህ ሀብተ ማርያም